ስሙን ሲጠይቁት ዝም የሚለው ልጄ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ9 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሴት ልጆች አሉን። ልጄ አፉን የፈታው በጊዜው ነበር፤ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ግን መንተባተብ ጀመረ። ‹ሲያድግ ይተወዋል› ተባልን፤ አልተወውም። አሁን ቃሉ አልወጣ ሲለው ዓይኑን ይጨፍናል፣ በእግሩ ወለሉን ይመታል። እንግዳ መጥቶ ‹ስምህ ማን ነው?› ሲለው ዝም ብሎ እኔን ያየኛል፤ እኔም እመልስለታለሁ። እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ከልጆቹ ጋር ሲዘምር ግን አንዲት ፊደል አትይዘውም። አባቱ ‹አየሽ፣ ሲፈልግ ይችላል› ይላል።

ባለፈው ወር አስተማሪው ከትምህርት ቤቱ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጋር አገናኘችኝ። ምርመራ እንዲደረግለት የምንፈርምበትን ቅጽ ሰጡኝ። ባለቤቴ አልፈርምም አለ። ‹በልጄ ስም የልዩ ትምህርት ፋይል አይከፈትም፤ ስም ሰጥተው ያባብሱበታል› ይላል። ሁለት ቋንቋ ተደራርቦበት ነው፣ አማርኛውን እናቁምለት የሚል ሐሳብም አምጥቷል። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ደግሞ በሕፃንነቱ ደንግጦ ነው፣ ጠበል ይጠመቅ ትላለች። እኔን ሌሊት ሌሊት የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ትንሽ ሳለ ሲንተባተብ ‹በደንብ ተናገር!› እያልሁ እቆጣው ነበር። ያበላሸሁት እኔ እሆን? ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ዝምተኛ ነው፤ ለባንክም ለሐኪምም ስልክ የምደውለው እኔ ነኝ። ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

ውድ እህቴ፣

ሌሊት ሌሊት ከሚያስጨንቅሽ ልጀምር፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ልጅሽን አላበላሸሽውም። መንተባተብ ከቁጣ አይመጣም፤ ከድንጋጤም ከእናት አያያዝም አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ የልጅ ቋንቋ እንደ ክረምት ወንዝ በሚሞላበት ወቅት ነው። በቤተሰብ ይወርዳል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮም ከእርሱ ጋር የተያያዙ ዘረ መሎች ተለይተዋል። በሚንተባተቡ ሰዎች አንጎል ውስጥ ንግግርን በጊዜው አቀናጅቶ የሚያስኬደው ክፍል አሠራሩ ትንሽ ይለያል። ከ100 ልጆች 5 ያህሉ በአንድ ወቅት ይንተባተባሉ፤ ከእነዚህም ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሳይቆዩ ይተውታል። ስለዚህ «ሲያድግ ይተወዋል» ያሉሽ ሰዎች አልዋሹሽም። ነገር ግን አምስት ዓመት ሙሉ ያልተወው ልጅ፣ በዚያ ላይ መንተባተብ ይበልጥ የሚጸናበት ወንድ ልጅ፣ ከእንግዲህ ዝም ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም።

ይህ የበደለኛነት ስሜት ከአንቺ አልጀመረም። በአሜሪካ ብዙ እናቶች ለዓመታት ተሸክመውት ኖረዋል። የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ዌንደል ጆንሰን፣ ራሱም ይንተባተብ የነበረ ሰው፣ ነገሩ የሚጀምረው ከልጁ አፍ ሳይሆን ከወላጁ ጆሮ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ወላጅ የልጁን ተራ መደነቃቀፍ «መንተባተብ» ብሎ ሲሰይመው ልጁ መንተባተብን ይይዛል ማለቱ ነው። በ1939 ሜሪ ቱዶር የምትባል ተማሪው በዴቨንፖርት ከተማ በአንድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ይህን ፈተነችው። ለጥናቱ ከተመረጡት 22 ልጆች መካከል ንግግራቸው ደኅና የነበረ ጥቂቶች «ትንተባተባላችሁ» እየተባሉ ተገሠጹ። እነዚያ ልጆች ጆንሰን እንዳሰበው ተብታባ አልሆኑም፤ ነገር ግን አፈሩ፣ መናገር ፈሩ፣ ዝም አሉ። ዩኒቨርሲቲው በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2001 ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ታሪኩን ያነሣሁት ለአንቺም ለባለቤትሽም የሚሆን ነገር ስላለው ነው። ቁጣ መንተባተብን አይፈጥርም፤ መደበቅን ግን ያስተምራል። ልጅሽ ዓይኑን መጨፈንና ወለል መምታት የለመደው ቃሉን በግድ ሊያስወጣ ሲታገል ነው፤ አንቺን ማየት የለመደው ደግሞ ከመናገር ሊሸሽ ነው። ይህ ሊታረም የሚችል ነው። አንድ ቀን በመኪና ሁለታችሁ ብቻ ስትሄዱ «ትንሽ ሳለህ ስትንተባተብ እቆጣህ ነበር። ያኔ አልገባኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እየተንተባተብህም ቢሆን ንገረኝ፣ እሰማሃለሁ» በይው። ከዚያ በላይ አታብራሪ።

ባለቤትሽ ስለ «ስም መስጠት» ያነሣው ስጋትም ከንቱ አይደለም፤ ቦታውን ስቷል እንጂ። በአይዋ የተጎዱት በሐሰት የተሰየሙ ልጆች ናቸው። የእናንተ ልጅ እንደሚንተባተብ ከሁላችሁም አስቀድሞ ያወቀ እርሱ ነው። በቤቱ ማንም ነገሩን በስሙ ካልጠራው፣ አፍ ተሞልቶ የማይነገር ክፉ ነገር አለብኝ ብሎ ያስባል።

«ሲፈልግ ይችላል» የሚለው ግን እንዲቀር አጥብቄ እጠይቃለሁ። የሚንተባተቡ ሰዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ሲዘምሩ ወይም ከሌሎች ጋር በአንድ ድምፅ ሲያነቡ አይንተባተቡም። ብዙዎቹ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ከጨቅላ ሕፃን ወይም ከውሻ ጋር ሲያወሩም ይቀልላቸዋል። መዝሙር ቃሉንም ዜማውንም ጊዜውንም አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ በጭውውት ውስጥ ግን ሁሉንም በዚያች ቅጽበት ራስህ ማቀናጀት አለብህ። የሚያነክስ ሰው ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ ማነከሱ አይታይም። ወደ የብስ ሲወጣ አውቆ ያነክሳል የሚለው ማን ነው?

ስሙን ሲጠየቅ ዝም ማለቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሚንተባተብ ልጅ ገና በጠዋቱ የቃል ቅያሪ ይማራል። አንዱ ቃል ሊይዘው ሲል በሌላ ይተካዋል፣ ዐረፍተ ነገሩን አዙሮ ይጀምረዋል። የገዛ ስሙ ግን ተለዋጭ የለውም። ጠያቂውም ከፊቱ ቆሞ ይጠብቃል። በእኛ ባህል እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ነው። አንቺ ስትመልሽለት ለዚያች ቅጽበት ታሳርፊዋለሽ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ቃሉ ይበልጥ ይከብደዋል። ሙሴ አፌ ኮልታፋ ነው ብሎ በተሟገተ ጊዜ አሮን አፍ እንዲሆነው ተሰጠው። የልጅሽ አሮን አንቺ ነሽ፤ ግን ክፍል ውስጥ ከጎኑ አትቀመጪም፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብም አትኖሪም። ስለዚህ ዝም በይ። ፊቱን እንደወትሮሽ እያየሽ ጠብቂ። እንግዳው ጣልቃ ሊገባ ሲል «ይነግርሃል» በይው። ያ ጸጥታ ለአንቺ ከእርሱ ይልቅ ሊረዝምብሽ ይችላል።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አስተምር በነበረበት ዘመን አንድ የሚንተባተብ ተማሪ ነበረኝ። ልጆቹ ተራ በተራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ፣ ያዘንሁለት መስሎኝ እርሱን እዘልለው ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ሊያስረክብ መጥቶ «ቲቸር፣ ለምን እኔን አታስነብቢኝም?» አለኝ። ጥያቄውን ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ፈጀበት። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ። አታቁሙት። ሁለት ቋንቋ መንተባተብ አያመጣም፤ አንዱን መተውም አያድንም። በአንድ ቋንቋ ብቻ ያደጉ ልጆችም ይንተባተባሉ። አማርኛው ከቆመ ልጁ መንተባተቡ እንዳለ ሆኖ ደብረ ብርሃን ያለችውን አያቱን ያጣል። «ንግግሬ ስለተበላሸ የቤታችን ቋንቋ ተወሰደብኝ» ብሎም ያስባል። እውነት ነው፣ በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ ቃል ሲጠፋው «እ... እ...» ይላል፣ ጀምሮ ይተዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ያ ቃል ፍለጋ ነው። መንተባተብ ሌላ ነው፤ የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ ይደጋገማል፣ ወይም ይጎተታል፣ ወይም አፉ ተዘጋጅቶ ድምፁ ጨርሶ ይታገታል። ሁለቱን ለመለየት ባለሙያዋ ልጁን በሁለቱም ቋንቋ ልትሰማው ይገባል። እርሱ እያወቀና ፈቅዶ፣ ከአያቱ ጋር በስልክ ሲያወራ አምስት ደቂቃ ያህል ቅጂና ውሰጂላት።

እግረ መንገድሽንም ስለ አማርኛችን ንገሪያት። አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል። «ገና አልመጣም» ስንል «ነ» ይላላል፤ «የገና በዓል» ስንል ይጠብቃል። ቋንቋውን የማያውቅ ጆሮ ያንን መጥበቅ የተጎተተ ድምፅ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ደግሞ ከተዘጋ ጉሮሮ ጋር የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የታገተ ቃል ሊመስሉ ይችላሉ። ልምምድ ሲጀመርም ይህ ይጠቅማል። ድምፅን በለስላሳው ማንሣት የሚለማመድ ልጅ በአማርኛ «መ»፣ «ለ»፣ «ወ» ከሚጀምሩ ቃላት ቢነሣ ይቀልለዋል፤ «ቀ» እና «ጠ» ኋላ ይምጡ። ይህን ባለሙያዋ አታውቀውም፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ቅጹን በተመለከተ፣ ባለቤትሽ የሚፈራውና በወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንድ አይደሉም። በእጃችሁ ያለው የምርመራ ፈቃድ ብቻ ነው። ምርመራው ተደርጎ ልጁ እርዳታ ይገባዋል ቢባል እንኳ አገልግሎቱ እንዲጀመር ሌላ፣ ለብቻው የሚፈረም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከጀመረም በኋላ በጽሑፍ ማቋረጥ ትችላላችሁ። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ መሠረቱ በ1975 የተጣለ ሲሆን፣ የንግግር ችግር ምን እንደሆነ ሲተረጉም በመጀመሪያ ምሳሌነት የሚጠቅሰው መንተባተብን ነው። ክፍያ የለውም። «ልዩ ትምህርት» ሲባል ባለቤትሽ የሚታየው ከጓደኞቹ ተነጥሎ ሌላ ክፍል የሚቀመጥ ልጅ ይሆናል። የሚንተባተብ ልጅ ግን በተለመደው አሠራር ከክፍሉ ሳይወጣ ይማራል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከባለሙያዋ ጋር ይሠራል። ክፍለ ግዛቱ የራሱን ጊዜ ካልወሰነ በቀር ምርመራው ከፊርማው በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ስብሰባው እንዲገባችሁ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። «ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ አያስፈልገውም» ቢሏችሁ እጅ አትስጡ። እጅ አውጥቶ የማይመልስ፣ በክፍል ፊት የማይቆም፣ ስሙን የማይናገር ልጅ ትምህርቱ ተነክቷል።

ባለሙያዋ ምን ታደርጋለች? እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ፤ በዚህ ዕድሜ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብላ ቃል የምትገባልሽ ባለሙያ ካጋጠመችሽ ተጠንቀቂ። በአሥር ቀን እናድናለን የሚሉ ማስታወቂያዎችን አትመኚ፤ ለመንተባተብ ተብሎ በአሜሪካ የጸደቀ መድኃኒትም የለም። ሕክምናው የሚሰጠው ሌላ፣ ለእኔ ግን ትልቅ የሆነ ነገር ነው፤ ልጁ ያሰበውን ሳይሸሽና ቃል ሳይቀይር እንዲናገር ያደርገዋል።

መጀመሪያ ንግግር እንዴት እንደሚሠራ ታስተምረዋለች፤ ሳንባው፣ ጉሮሮው፣ ምላሱ፣ ከንፈሩ። የት ላይ እንደሚታገት ራሱ እንዲያገኘው ትረዳዋለች፤ «ጉሮሮዬ ላይ ነው» ወይም «ከንፈሬ ላይ ነው» ማለት የቻለ ልጅ ነገሩን ከምሥጢራዊ እርግማንነት አውጥቶታል። ከዚያ ድምፅን በለስላሳው ማንሣት፣ ከንፈርና ምላስን ቀለል አድርጎ ማገናኘት ይመጣል። ራሱም በብርቱ ይንተባተብ የነበረው ቻርልስ ቫን ራይፐር ያስፋፋው መንገድም አለ። ልጁ ቃሉ ከያዘው በኋላ ቆም ብሎ ያንኑ ቃል በቀላል አኳኋን ይደግመዋል። ሲለምድ በመያዙ መካከል ሳለ ቀስ አድርጎ ከውስጡ ይወጣል። ሲበረታ ደግሞ ቃሉ ሳይመጣ አስቀድሞ ይዘጋጅለታል። አንዳንድ ጊዜ ሆን ብሎ እንዲንተባተብ ታደርገዋለች፤ ምናልባት አንቺም አብረሽ እንድትንተባተቢ ትጋብዝሻለች። ባለቤትሽ ይህን ቢያይ መሣለቂያ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ፍርሃቱ የሚላቀቀው የሚፈራውን ነገር በእጁ ይዞ ሲያየው ነው። ጆሴፍ ሺሃን የተባለው ምሁር መንተባተብን በባሕር ላይ ከሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ከውሃው በላይ የሚታየውና የሚሰማው ጥቂቱ ነው፣ እፍረቱና ፍርሃቱ ሽሽቱም ከሥር ነው። ጥሩ ባለሙያ ከሥር ያለውንም ትሠራለች። የምትቆጥረው የተንተባተበባቸውን ቃላት ብቻ ከሆነ «ስለ ፍርሃቱስ ምን እየሠራችሁ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

መንገዱ ቀጥ ያለ አይሆንም። ሁለት ሳምንት ደኅና ይናገርና በሦስተኛው ይብስበታል፤ ያ የመንተባተብ ባሕርይ ነው፣ ሕክምናው ከሽፎ አይደለም። ደኅና በተናገረበት ቀን «ዛሬ ጎበዝ! አንድም አልተንተባተብህም» አትበሉት፤ ነገ ሲንተባተብ ምን ሊባል ነው? የተናገረውን ነገር አመስግኑለት።

በቤት ውስጥ «ቀስ በል»፣ «ተንፍስ»፣ «አስበህ ተናገር» የሚባለው ይቅር። ቃሉንም አትጨርሱለት። እናንተ ስታወሩ ግን ትንሽ ረጋ በሉ፤ የረጋ ቤት ለሁሉም ይበጃል። በእራት ሰዓት የ6 ዓመቷ እኅቱ እየቀደመች የምትነጥቀው ከሆነ ተራ ይኑር፤ እርሱም ይጠብቃት፣ እርሷም ትጠብቀው። የሚንተባተብ ልጅ ነው ተብሎ ከሥነ ሥርዓት ነፃ አይደለም። አስተማሪውን ደግሞ አንድ ነገር ለምኝልኝ፤ በክፍል ፊት የሚቀርብ ነገር ሲኖር ልጁ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቃ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ታስገባው። ሃያ ልጅ ሲያቀርብ ተቀምጦ ተራን መጠበቅ ከማቅረቡ ይከብዳል። የሚያሾፉበት ልጆች ካሉም «አዎ፣ እንተባተባለሁ፤ ምን ልትጠይቀኝ ፈለግህ?» የሚል መልስ ከባለሙያዋ ጋር ይለማመድ። እንደርሱ የሚንተባተብ ሌላ ልጅ አይቶ የሚያውቅም አይመስለኝም። በአሜሪካ የሚንተባተቡ ልጆችና ወላጆቻቸው የሚገናኙባቸው ማኅበራት አሉ፤ ባለሙያዋን ጠይቂያት።

እናትሽን አታስቀይሚ። ጠበሉ ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ ልጁ ከፈለገ ይጠመቅ። ነገር ግን ሊያድኑት ብለው እንዳያስደነግጡት፣ ምላሱን ወይም እንጥሉን እንዳያስነኩት ቁርጡን ንገሪያት። እርሷ ልትሰጠው የምትችለው ትልቁ መድኃኒት በስልክ ላይ የምትታገሠው ትዕግሥት ነው። «እማማ፣ ሲይዘው ዝም ብለሽ ጠብቂው፣ አትቁረጪው» በያት።

አሁን ለመጻፍ ያመነታሁበትን ልጻፍ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ የቆምሁት አንድ ቦታ ላይ ነው። ባለቤትሽ ዝምተኛ ነው፣ ስልክ የምትደውይው አንቺ ነሽ። ልሳሳት እችላለሁ። ሰው በተፈጥሮው ዝምተኛ ይሆናል። ነገር ግን መንተባተብ በቤተሰብ ይወርዳል፤ ለሚንተባተብ ሰው ደግሞ ከስልክ የሚከብድ ነገር ጥቂት ነው። ቃል እየቀየሩ፣ ስልክ እየሸሹ፣ ለሚስታቸው እንኳ ሳይታወቁ ዕድሜያቸውን የሚገፉ ወንዶች አሉ። ባለቤትሽ ከእነዚያ አንዱ ከሆነ፣ ቅጹን የከለከለው ግትርነት አይደለም። ምናልባት በልጅነቱ በክፍል ውስጥ «ተብታባው» ተብሎ የተጠራ ልጅ፣ ያንን ስም ከልጁ ላይ ሊከላከል ቆሟል።

በሕጉ የአንድ ወላጅ ፊርማ በቂ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እምቢ ካለ ብቻሽን ፈርሚ፣ ይህን ሳልጠራጠር እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ምሽት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቡና አፍልተሽ ከጎኑ ተቀመጪ። ስለ ቅጹ አታንሺ። «አንተ በእርሱ ዕድሜ ሳለህ ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ እንዴት ነበርህ?» በይው። ከዚያ ለልጅሽ እንድትጠብቂ እንደነገርሁሽ፣ ለእርሱም ጠብቂ። የቱንም ያህል ቢዘገይ ቃሉን አትጨርሺለት።